የግራዋ ሽታ

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበረ። አልነበረም የሚል ካለ ምቀኛ ነው። ውኃ የሚጠጣው በተራ ነበር፤ መጀመሪያ አንበሳው፣ ቀጥሎ የአንበሳው ዘመዶች፣ ቀጥሎ የዘመዶቹ ወዳጆች፣ ከዚያ የተረፈ ካለ ሌላው። በየአሥራ አምስት ቀኑ በትልቁ ዋርካ ሥር ጉባኤ ይቀመጣል። በጉባኤው ላይ የፈለገ እንስሳ የፈለገውን ይናገራል። አንበሳው ራሱ ጉባኤውን ሲከፍት፣ «የሚናገር ካለ ይናገር፤ እኔ ማንንም ከልክዬ አላውቅም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ከልክሎ አያውቅም። የተናገረው እንስሳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ንብ ይወርረውና ይሞታል እንጂ፣ አንበሳውማ ተቆጥቶ እንኳ አያውቅም።

አንበሳው አርጅቶ ነበር። ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት ጥርስ ቀርተውታል። አድኖ መብላት ከተወ ብዙ ጊዜው ነው፤ ሆኖም አልከሳም። በንብ የሞተ እንስሳ ሥጋው መርዝ አለበት፣ ሕዝቡ እንዳይነካው ተብሎ፣ ሬሳው በሦስተኛው ቀን ወደ አንበሳው ዋሻ ይሄዳል። ለሕዝቡ ጤና አስቦ መርዙን እሱ ይበላላቸዋል ማለት ነው። በዚህም በየጉባኤው ይመሰገናል።

ንቦቹ የሚኖሩት ወደ ውኃው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባረጀ የዝግባ ግንድ ውስጥ ነው። ንግሥት አላቸው፤ ከጨለማው ወጥታ አታውቅም፣ አብዛኞቹም አይተዋት አያውቁም፤ የሚደረገው ሁሉ ግን በስሟ ነው የሚደረገው። በሩን የምትጠብቀው አጋም የምትባል ንብ ነበረች። ማን ዘመድ ነው፣ ማን ባዕድ ነው፣ ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ፣ እያሸተተች የምትለየው እሷ ናት። በሩን ስለያዘች ቀስ በቀስ ቤቱንም ያዘችው።

እነዚህ ንቦች ስም የሚያወጡት ልጅ በተፈለፈለ ዕለት አይደለም። ልጅቱ አድጋ መጀመሪያ ወደ ሜዳ ወጥታ ከየትኛው አበባ ቀስማ እንደተመለሰች ታይቶ፣ በዚያ አበባ ትጠራለች። ያ የመጀመሪያው አበባ ከገላዋ አይለቅም ይላሉ። ብትታጠብም፣ ብታረጅም፣ ብትሞትም እንኳ አይለቅም። በጨለማው ቀፎ ውስጥ ማን ማን እንደሆነች የሚተዋወቁት በዚሁ ነው።

ቀጋም ስሟን ያገኘችው እንደዚያ ነው። ከእሾሃሙ ቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ነጩን አበባ ቀስማ፣ አንድ ክንፏን በእሾህ ተቀድዳ ነበር የተመለሰችው። አሁን ሸምግላለች። አብረዋት ከተፈለፈሉት እህቶቿ መካከል በሕይወት የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ እንሶስላ። እንሶስላ ወሬ ትወዳለች፣ ሥራ ትወዳለች፣ ማር ሲከፋፈል ትንሽ ታጭበረብራለች፣ ሲነቁባት ትስቃለች። ቀጋ እሷን ካጣች በዚያ ሁሉ ሺህ ንብ መካከል ብቻዋን ናት፤ ይህን ታውቀዋለች፤ ስለዚህም ትፈራለች።

የምትፈራበት ምክንያት እንዲገባችሁ የንብን ጠባይ ልንገራችሁ። ንብ ትልቅ እንስሳ ስትነድፍ መንደፊያዋ ከነአንጀቷ ተነቅሎ እዚያው ይቀራል፤ እሷም አትተርፍም። ከተነቀለው ሥጋ ላይ ደግሞ አንድ ሽታ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ይመስላል። ንቦቹ የድረሱልኝ ሽታ ይሉታል። ይህ ሽታ የደረሳት ንብ ማሰብ አይጠበቅባትም። ልቧ ይፈጥናል፤ ክንፏ ሳይንቀሳቀስ ደረቷ ውስጥ ያለው ጡንቻ ይንቀጠቀጥና ገላዋ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይግላል፤ የምታሸትባቸው ሁለት ቀንዶቿ ወደፊት ይገተራሉ፤ መንደፊያዋ ከሰገባው ይወጣል። አበባ አፍንጫዋ ሥር ብታደርጉላት አታውቀውም። ከሁሉ የሚገርመው ግን አያማትም። እግሯን ብትቆርጡት ወደ ፊት ነው የምትሄደው።

ንቦቹ በዚህ ይኮራሉ። ሌላው እንስሳ ምስክር ይጠራል፣ ይማማላል፣ ይከራከራል፤ እኛ ግን ሽታ አለን ይላሉ። ሽታ አይዋሽም፣ ምክንያቱም ከምትሞት እህት ገላ ነው የሚወጣው። የምትሞት እህት ደግሞ ምን አግኝታ ትዋሻለች? እንዲህ ብለው ነበር የሚያምኑት። ሽታው ከማን እንደመጣ ይጠይቃሉ እንጂ፣ ማን ይዞት እንደመጣ ጠይቀው አያውቁም።

ሽታ በወጣ ጊዜ ከፊት የሚሰለፉት በዕድሜ የገፉት ናቸው፤ ልጆቹ ገና ሽታው እምብዛም አይገባቸውም። አሁን ተራው የደረሰው እነቀጋ ጋ ነበር።

መጀመሪያ የሞተው ከርከሮ ነው። እሱስ በእርግጥ ጥፋት ነበረበት፤ ጀርባውን አሳክኮት ግንዳቸው ላይ ሲፈተግ ቀፎውን አናወጠው። ነደፉት፣ ሞተ። ያን ዕለት ቀበሮ በአጠገቡ ያልፍ ነበር። ቀበሮ የጉባኤው አፈ ጉባኤ ነው፤ ቃሉ ለስላሳ፣ እጁ ሞቃት፣ የማንንም ስም የማይረሳ። ከሬሳው አጠገብ ቁጭ አለና በቆዳው ላይ የተሰኩትን መንደፊያዎች አንድ በአንድ በጥፍሩ እየነቀለ በኮባ ቅጠል ላይ አኖራቸው።

አጋም ከበሩ ሆና፣ «ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«ጀግኖቹን ልቀብር ነው እመቤቴ» አለ ቀበሮ። «እንዲህ ያሉ እናቶች ከከርከሮ ቆዳ ጋር ሲጣሉ ማየት አልችልም።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ለሞቱ ንቦች ያዘነ እንስሳ አልነበረም። ንቦቹ ልባቸው ተነካ። አንዳንዶቹ አለቀሱ።

በሚቀጥለው ጉባኤ ጉሬዛ ተነሥቶ፣ ውኃው እያነሰ ነው፣ ተራው ይታይልን አለ። አንበሳው አመሰገነው። ቀበሮም ወርዶ፣ «ጎሽ፣ እንዲህ ያለ ደፋር ነው የምንፈልገው» እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ጉሬዛ ወደ ቤቱ ሲመለስ በዝግባው ሥር አለፈ፤ ንቦቹም ከትከሻው ላይ የድረሱልኝ ሽታ ሸተታቸው። ከኋላው ያዘነው ቀበሮ መጥቶ መንደፊያዎቹን ለቀመ፣ በቅጠል ጠቀለለ፣ ሄደ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሚዳቋ ተነሥታ ጉሬዛ ምን በድሎ ነው የሞተው አለች። ቀበሮ የእሷንም ትከሻ መታ መታ አደረገው።

ሚዳቋ የሞተች ዕለት ቀጋ ከፊተኞቹ አንዷ ነበረች። ሽታው ሲመጣ ገላዋ ጋለ፣ ከሌሎቹ ጋር ተነሥታ ወረደች። ግን ያ በእሾህ የተቀደደ ክንፏ ስለሚያዘገያት፣ ከፊት የነበሩት ሳይደርሱ ነፋሱ ሽታውን ወደ እሷ አመጣላት። ከሙዙ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበረ። መራራ ነው፤ ታውቀዋለች። ግራዋ ነበር።

ግራዋ እህቷ ናት። የሞተችው ጉሬዛን ነድፋ ነው። ሚዳቋን ደግሞ ገና ማንም አልነደፋትም።

ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ ሐሳቡ መጣና በሙቀቱ ውስጥ ጠፋ። ቀጋ የተመለሰችው ሳትነድፍ ነው፣ ቦታ አጥታ እንጂ ራርታ አይደለም። ስትመለስ እንሶስላ በሩ ላይ ተቀበለቻትና ቆማ አየቻት።

«እግርሽስ?» አለች።

«የቱ እግሬ?»

«የኋላው። የግራው የለም እኮ።»

ቀጋ ዞራ ብታይ የለም። ሚዳቋ በጅራቷ ስትመታት ይሁን ቅርንጫፍ ቀንጥሶት ይሁን አታውቅም። ማታውን ሽታው ከገላዋ ሲለቅ ሕመሙ መጣ፤ ከሕመሙም ጋር ያ የጠፋው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። እያቃሰተች ነበር ያሰበችው። የሞተች እህቴ ሚዳቋ ትከሻ ላይ ምን ታደርጋለች? ማን አመጣት? ሚዳቋን ትከሻዋን የነካት ማን ነበር? እዚህ ስትደርስ ማቃሰቷን አቆመች።

በማግስቱ እግር የሌላት መሰለፍ አትችልም ተብሎ ቀጋ ከፊተኛው ረድፍ ወጣች። በእሷ ቦታ የገባችው እንሶስላ ናት።

«በሚቀጥለው ጉባኤ የሚናገረው ማን እንደሆነ ሰምተሻል?» አለቻት ቀጋ።

«ድኩላ ነው አሉ። ሚዳቋ ምን አድርጋ ነው ሊል ነው።» እንሶስላ ሳቅ አለች። «እነዚህ እንስሳት አይማሩም።»

«እንግዲያው ድኩላ ይሸታል። አንቺም ትሞቻለሽ።»

እንሶስላ ሳቋን ተወች። ቀጋም ያሰበችውን ሁሉ ነገረቻት። እንሶስላ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች፤ ለእሷ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«እውነትሽን ከሆነ» አለች በመጨረሻ፣ «እስካሁን ያሉት ሁሉ በከንቱ ነው የሞቱት ማለት ነው።»

«በከንቱ ነው።»

«እንዲህ ብለሽ ከጀመርሽ ማንም አይሰማሽም። ሌላ ነገር አስቀድሚ።»

ቀጋ ግን ሌላ ነገር ማስቀደም የማትችል ነበረች። ዝናብ ይዞ ሁሉም ቤት በዋለበት ቀን፣ በቀፎው ሸንጎ ፊት ቆማ ተናገረች። ሽታው ከእኛ ነው፣ የሚያመጣው ግን ቀበሮ ነው፤ የእህቶቻችንን ገላ እየጨፈለቀ የጠላውን እንስሳ ይቀባበታል፤ እኛ የእሱ መንጋጋ ሆነናል፤ አንበሳው ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ እኛ ነን አለች። 

አጋም ቀስ ብላ መጣች። ተቆጥታ አልነበረም። የሸንጎ ነገር ታውቅበታለች።

«እህታችን ቀጋ እግሯን ለዚህ ቤት የሰጠች ናት» አለች። «ልንሰማት ይገባል፣ ሰምተናታል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ግራዋ የሞተችው በከንቱ ነው እያልሽን ነው ወይስ አይደለም?»

ቀጋ ወደ እንሶስላ አየች። ከዚያ፣ «በከንቱ ነው» አለች።

ቀፎው ተነጫነጨ። በዚያ ቤት እህቷን፣ እናት የምታህል ታላቋን ያላጣች የለችም። ለዚያች ለሞተችው ስትል አበባ ያሳደደች፣ ልጅ ያሳደገች ሁሉ አሁን በከንቱ ነው ስትባል ምን ታድርግ? አንዲት አሮጊት፣ «ይህቺን ከሸንጎ አውጡልኝ» አለች። ሌላዋ፣ «ቀበሮ ሬሳችንን ያነሣ ብቸኛ እንስሳ ነው፤ በእሱ ላይ እንዴት እንዲህ ይባላል?» አለች።

አጋም ዝም አሰኘቻቸው። «አትጩሁባት። እኛ በሽታ የምናምን ሕዝብ ነን። እህታችን ቃል አምጥታለች፤ ቃል ማንም ያመጣል። ሽታውን ታምጣና እንመን። ቀበሮ በቅጠል ያኖረው የእህቶቻችን ገላ ካለ እዚህ በር ላይ ይቅረብ። እኔ ራሴ አሸትተዋለሁ።»

ይህ ፍትሕ መሰለ። ለቀጋም መሰላት። አሸነፍኩ ብላ አሰበች፤ እንዴት አይምሰላት? በዚያ ቤት ተወልዳ ያደገች ናት፣ እሷም ማስረጃ የምትለው ሽታን ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱ እህትማማቾች ወረዱ። ሚዳቋ ከወደቀችበት ገና አልተነሣችም ነበር፣ ዋሻው ሞልቶ ስለነበር። ቀበሮ ጃንጥላ በሚያህል ቅጠል ሥር ተቀምጦ መንደፊያ ይለቅማል። ሲመጡ አየና ቀና ሳይል ተናገረ።

«ደህና ዋላችሁ እመት ቀጋ፣ እመት እንሶስላ። እግርሽን ሰማሁ፤ አዘንኩ።»

«የመጣሁት ስለ እግሬ አይደለም» አለች ቀጋ። «ሚዳቋን በግራዋ ነው የቀባሃት።»

ቀበሮ እጁን አቆመ። ጥፍሩን በሣር ጠረገ። «ገና በጉሬዛ ጊዜ ይነቁብኛል ብዬ ነበር» አለ። «ብዙ ቆያችሁ። እኔ እኮ ሥራዬን በቀን ነው የምሠራው።»

«ለሸንጎው ነግሬያለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

 እንሶስላ ከቀጋ ቀድማ፣ «ማስረጃ አምጡ አሉን» አለች።

«ትክክል ናቸዋ» አለ ቀበሮ። «ያለ ማስረጃ ማን ይታመናል? ቆዩ።» ከጎኑ ካለው የኮባ ቅጠል ትንሽ ቆርጦ፣ ከጉሬዛ የለቀማቸውን አምስት መንደፊያ አኖረበት፣ በሣር አሰረው። ሁለት ንብ ሊሸከመው እንዲችል አድርጎ ነበር የጠቀለለው። «ይኸው። በመንገድ እንዳትፈቱት፤ ሽታው ከነፈሰ ሐሰተኛ ትባያለሽ። በር ላይ፣ ሁሉም ባለበት ነው የሚፈታው።»

ቀጋ ጥቅሉን አየችው፣ ቀበሮንም አየችው። «ለምን ትሰጠኛለህ?» አለችው።

«ከጠየቅሽኝ ምን ላድርግ? ይኸው ሰጠሁሽ» አለ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

በመንገድ ላይ እንሶስላ፣ «ደስ አላለኝም» አለች። «በፈቃዱ ነው የሰጠን።»

«ንቆን ነው። ማንም አያምናቸውም ብሎ ነው።»

«ቀጋ፣ እንመልሰው። ወይም አንቺ ያየሽውን እኔም አየሁ ብዬ ልናገር። ሁለት እንሆናለን።»

«ቃል ነው የሚሉት። ይህን ሲያሸቱ ግን ምን ይላሉ?» ቀጋ ክንፏን አጠነከረች። «ነገ ድኩላ ይናገራል። ነገ ከፊት ያለሽው አንቺ ነሽ። አንቺን ላጣ አልችልም፣ ገባሽ?»

እንሶስላም ጥቅሉን በአንድ በኩል ይዛ በረረች።

በሥራ ላይ የቀረ አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ቀፎው በር ወጥቶ ጠበቃቸው። ፀሐይ ወጥታለች። ጥቅሉን በመግቢያው ላይ አኖሩት። ቀጋ ወደ ሸንጎው ዞራ፣ «እህቶቼ፣ አሁን የሚሸታችሁ ግራዋ ናት» ብላ ጀመረች። «ግራዋ ከሞተች ወር ሊሞላት ነው። ይህ ሽታ ሲደርሳችሁ አትነሡ፤ ቁሙና አሽቱት። እንዲህ ተቀብቶ ነው...»

ገና እየተናገረች ሳለ አጋም፣ «ይፈታ» አለች። እንሶስላ ሣሩን በጥርሷ ቆረጠችው። ቅጠሉ ጠባብ ስለነበር አንገቷን አስገብታ ነበር የፈታችው፤ አምስቱ መንደፊያዎች ፊቷ ላይ፣ ደረቷ ላይ ተጨፈለቁ።

ቀጋ የምትለው ነገር ነበራት። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበረ። ሽታው መጣ፤ ልቧ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ከዚያ ሁለቱን ቀንዶቿን ገተረች። ይህ ሐሰት ነው ብላ አሰበች፤ ማሰቧንም ታውቅ ነበር። ደረቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቁሚ አለች ለራሷ። ሐሰት መሆኑን በዚያ ቀፎ ውስጥ እንደ እሷ የሚያውቅ ማንም አልነበረም፤ ይህ እውቀት ግን ከገላዋ ጋር ምንም አያገናኘውም ነበር። ሙቀቱ እስከ ራሷ ወጣ። ፊት ለፊቷ የሚሸት ነገር ነበረ፤ ጠላት ነበረ፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ከሁሉ የምትቀርበው እሷ ናት።

ቀድማ የደረሰችው ቀጋ ናት። መንደፊያዋ ከእንሶስላ አንገት ሥር፣ ቆዳው ከሚሳሳበት ገባ። ንብ ንብን ስትነድፍ መንደፊያዋ አይነቀልም፤ ስለዚህ አልሞተችም። ነቅላ ደግማ ነደፈች። ከዚያ ሌሎቹ ደረሱ፣ ክምር ሆኑ፣ ከክምሩ ሥር እንሶስላ አንድ ጊዜ፣ «ቀጋ» አለች። ቀጋ ሰምታታለች። ስሟ መሆኑን አላወቀችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽታው ነፈሰ። ቀጋ በሩ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ የጎደለው እግሯ ሥፍራ ጠዘጠዛት። ከዚያ አዲስ ሕመም መጣ፤ በግርግሩ የቀረው የኋላ እግሯም ተሰብሮ ነበር። ሕመሙ እየበረታ ሲሄድ አበባ ሸተታት፣ በቅርብ ያለ፣ እንሶስላ። ዞር ብላ ብታይ ሬሳው አጠገቧ ነው። ያኔ ሁሉንም አወቀች፣ ማን ቀድሞ እንደደረሰም፣ ስሟን ማን እንደጠራም። ሌሎቹ ደክሟቸው ማር ሊበሉ ወደ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ከእንዲያ ያለ ሙቀት በኋላ ይርባቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከጉባኤው በፊት፣ አጋም ሸንጎውን ሰበሰበች።

«እህቶቼ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የቆምኩት» አለች። ማንም ከአጋም ይቅርታ ሰምቶ አያውቅም። «ቀጋ ሽታ ይቀባል ብላ ስትነግረን አላመንናትም። እውነቷን ነበር። ሽታ ይቀባል፤ ትናንት በዚህ በር ላይ አይተናል። አንድ ነገር ብቻ ነው ቀጋም ያላወቀችው፤ ጠላት ሽታውን የሚያስገባው በእኛው እጅ መሆኑን። እንሶስላ ተቀብታ ልትገባ ስትል መጀመሪያ ያሸተተቻት፣ መጀመሪያም የነደፈቻት የገዛ እህቷ ናት። እህትነት ሳይበግራት። እንዲህ ያለች ንብ ይህ ቤት አይቶ አያውቅም።» ወደ ቀጋ ዞረች። «ከዛሬ ጀምሮ ከሜዳ የምትመለስ ሁሉ በር ላይ ትመረመራለች። ምርመራውን የምትይዘው ቀጋ ናት።»

ክንፎች ተርገበገቡ። ቀጋን ወደ መካከል አመጧት፤ አራት እግር ብቻ ስለቀራት ሁለት ልጆች ደገፏት።

«አንድ ቃል ስጪን» አለች አጋም። «እንሶስላ ጠላት መሆኗ ሸቶሽ ነው አይደል?»

ቀጋ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። እንሶስላ ምንም አላደረገችም፤ ቅጠሉን ልትፈታልኝ ነው የመጣችው። ይህን ብቻ ልትል ነበር። ግን ይህን ካለች፣ ታዲያ ለምን ነደፍሻት ይሏታል። ለዚህ መልስ የላትም። በከንቱ ነው ልትል ነው። ያንን ቃል በዚህ ሸንጎ ፊት አንድ ጊዜ ተናግራዋለች፤ ያኔ በእሷ እጅ ስላልሞተች እህት ነበረ የተናገረችው፣ አልከበዳትም ነበር። አሁን ፊታቸውን አየች። ይህ ሁሉ ንብ አዎ እንድትል ይጠብቃል፤ ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ እነሱም ነድፈዋታልና።

«አዎ፣ ሸቶኛል» አለች ቀጋ።

ቀፎው በደስታ አንጎራጎረ። ከታች በኩል በዋርካው ሥር ጉባኤው ተጀምሮ ነበር፤ የአንበሳው ድምፅ የሚናገር ካለ ይናገር ሲል ይሰማል፤ ድኩላም ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። ቀበሮ ግን ጉባኤው ገና ሳይሟሟቅ ወደ ዝግባው መጥቶ ከግንዱ ሥር ቆሞ ነበር፤ ሐዘን አለ ተብሎ ሰምቶ ነው። የእንሶስላ ሬሳ በር ላይ እንዳለ ነው። ሳትነድፍ ስለሞተች መንደፊያዋ አልተነካም።

ባዕድ ሆና የሞተችን ከቤት ማውጣት የመርማሪዋ ሥራ ነው ተባለ። ቀጋ እህቷን ታቀፈችና፣ ከክብደቷ ጋር እየታገለች፣ ግንዱን ተከትላ ወረደች።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት ቀበሮ፣ በሁለት እጁ እየተቀበለ።